ሸራውን ሰፍታ ሸራውን የቀደደች

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ እታለም ነው የሚላት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በስሟ የሚጠራት ሰው ስለሌለ እኔም እታለም ብዬ እጽፋለሁ። ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ታናሿ ነኝ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ እንደ ጀማሪ ስፌት ጠመም ሊል ይችላል። ታገሡኝ። እሷ ራሷ «ስለኔ ምን ይጻፋል?» ብላ ስቃብኛለች። እኔ ግን ይጻፋል ብያለሁ።

ሱቃችን ዋናው መንገድ ዳር ነው። አንድ በር እንጂ መስኮት የለውም። አባታችን ማሽኑን ደፉ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው፤ እታለምም ከእሱ ወርሳ እዚያው ደፉ ላይ ነው የምትሰፋው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ነገር ብርሃን ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ሰፍቶ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል፤ አምፖል አይበቃውም፣ ፀሐይ ያስፈልገዋል። ከዚያ ደግሞ እምነት አለ። ሰው ጨርቁን ይዞ ሲመጣ ሲቆረጥ ማየት ይፈልጋል። ጓዳ ገብቶ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ «ከኔ ጨርቅ ላይ ለልጁ ቁምጣ አወጣ» ይባላል። አባታችን «ተደብቆ የሚሰፋ ሌባ ነው» ይል ነበር። ይህን ያህል ጊዜ የተናገረው ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

እታለም ስፖርት አትሠራም። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ለመያዝ ስትሮጥ አይቻታለሁ፤ አውቶቡሱ አዝኖላት ነው የቆመው። ግን አገሮች ሁሉ የሚገናኙበት ትልቁ ጨዋታ ሲመጣ ሱቁ ውስጥ ያለችው ትንሿ ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ አትዘጋም። ሌላው ሰው ሩጫና ኳስ ነው የሚያየው። እሷ ሁሉንም ታያለች። ቀስቱን፣ ትግሉን፣ የጀልባ ቀዘፋውን፣ ያንን ደግሞ ሁለት ሰው ጭምብል አድርጎ በቀጭን ጎራዴ የሚወጋጋበትን፣ ስሙን እኔ የማላውቀውን። እኔ ማን አሸነፈ ስል እሷ ስፌቱን ነው የምታየው።

«የዚያችን ጂምናስቲክ ሠሪ ልብስ አየኸው? አየር ላይ ስትገለበጥ የሚይዛት ክር እኮ ነው፣ ወንድሜ!»

የትግሉን ልብስ ስታይ ደግሞ «ይኼን የሰፋ እጁ ይባረክ፤ በሬ የሚያህል ሰውዬ እየጎተተው አልተተረተረም» ትላለች። አገሮቹ ተሰልፈው ሲገቡ ማንም ሰው እንዲያወራ አትፈቅድም። «እያንዳንዳቸው ጀርባ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። እሱን ግን ማንም አያሳየውም» ትላለች።

እንግዲህ ይህ ጨዋታ ወደ እኛ ከተማ ሊመጣ ነው ሲባል ማን እንደፈነደቀ ገምቱ።

አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት አስተባባሪ ነኝ ያለ ወጣት መጣ። አንገቱ ላይ ፎቶው ያለበት ካርድ አንጠልጥሏል። የሚናገረው ሁሉ መጨረሻው «ችግር የለም» ነው። «ክሩን እኛ እናቀርባለን፣ ችግር የለም። ጊዜው አጭር ነው፣ ችግር የለም።» ገና ከደፉ ሳይርቅ ፍጥነት «ችግር የለም» ብላ ስም አወጣችለት። ፍጥነት ቁልፍ የምትተክልልን ሴት ናት። ፍጥነት ያልናት አንድ ቁልፍ እስክትተክል የተቀዳላት ሻይ በረዶ ስለሚሆን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ «ችግር የለም መጣ!» «ችግር የለም ሄደ!» ሆነ ወሬያችን።

የመጣው ሥራ ሸራ ነበር። ስፖርተኞች የታተሙበት ረጃጅም ሸራ በጥቅል በጥቅል ከመኪና ተራገፈ። ስፖርተኞቹ ግን ሙሉ አልነበሩም። የዋናተኛው ክንድ አንዱ ቁራጭ ላይ፣ ጭንቅላቱ ሌላው ላይ ነው። የእኛ ሥራ ሰዎቹን መግጠም ነው። እታለም የመንገዳችንን ሰፊዎች ሁሉ ሰበሰበች።

«የት ነው የሚሰቀለው?» ብላ ጠየቀችው።

«እንግዶቹ በሚያልፉበት ነው፣ እትዬ።»

አልዋሸም እንግዲህ። እኛ ስታዲየም መሰለን። ሌላ ነገር በሐሳባችን አልመጣም።

እነዚያ ቀናት ደስ ይሉ ነበር። ፍጥነት አንድ ጊዜ የክብደት አንሺውን ጭንቅላት ከጂምናስቲክ ሠሪዋ እግር ጋር ገጥማው ነበር።

«ይኼ ሰውዬ ብረቱን በጥፍሩ ቆሞ ሊያነሳው ነው?» አለች እታለም።

«ተዪው፣ ሁለት ወርቅ ያመጣል!» አለች ፍጥነት።

ሳቁ ሌላ ነው፤ እታለም ግን ስፌቱን ታስፈታለች። አንድ ረድፍ ስፌት አይበቃም ብላ ሁለት ሁለት ጊዜ አስኬደችው። የገመድ ማስገቢያውን ቀለበት ዙሪያውን ደራርባ አጠናከረችው። «ነፋስ አለ እኮ። ዓለም እያየ ቢተረተር የሚሰደበው ማን ነው? ዋናተኛው ነው?» ትላለች። ሸራውን ሲወስዱት ለዘመድ ሠርግ እንደምትሸኝ ሴት መንገድ ድረስ ወጥታ እጇን አውለበለበች።

ጨዋታው ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው በእኛ መንገድ የእግረኛ መሄጃው ላይ የብረት ምሰሶ መትከል ጀመሩ። መብራት ሊያስገቡ ነው ተባለ። ከሰዓት በኋላ መኪና መጣ፣ ጥቅል አራገፈ። ጥቅሉን ገና ሳይፈቱት አወቅነው። የገዛ እጃችን ሥራ ነው።

ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ወጠሩት። ከደፋችን ላይ እጅ ቢዘረጋ ይነካል። በመንገዱ በኩል ዋናተኛው ይዋኛል፣ ቦክሰኛው ይማታል፣ ጦር ወርዋሪዋ ትወረውራለች። በእኛ በኩል ነጭ ግድግዳ ነው፤ ሥዕሉ አይታይም፣ ስፌቱ ብቻ ነው የሚታየው። ሱቁ እንደ ጉድጓድ ጨለመ።

ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ብቅ ብሎ ሸራውን በጡጫው መታ መታ አደረገው። «እጅሽ ይባረክ፣ እታለም። እንኳን ነፋስ ጥይት አይበሳውም» አላት።

እሷ ክሩን ከአፏ አውጥታ «የገዛ ዳቦዬን ልብ ልቡን አጣሁት» አለች።

ችግር የለም ሥራውን ሊቆጣጠር ሲመጣ በሸራውና በሱቆቹ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ጠበቀችው።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ጊዜያዊ ነው፣ እትዬ። የብስክሌት ውድድሩ በዚህ ያልፋል። ካሜራ አለ፣ እንግዳ አለ። መንገዱን ትንሽ ለማሳመር ነው እንጂ ችግር የለም።»

«እኛ ነን እንዴ ያበላሸነው?»

«ኧረ እንደሱ አላልኩም! ያው ቆርቆሮው ዝጓል፣ ዕቃው ደጅ ላይ ተዘርግቷል… እርስዎስ እንግዳ ሲመጣ ቤት አያጸዱም?»

«ቤት አጸዳለሁ። ቤተሰቤን ግን አልጋ ሥር አልደብቅም።»

ጫማ ሰፊው ሳቁን ሊያፍነው ሞክሮ አስነጠሰው። ልጁ ፊቱ ቀላ። ደንበኞች በመንገዱ ጫፍ፣ በቆሻሻ ገንዳው በኩል መግባት ይችላሉ፣ ችግር የለም አለ። ስለ ብርሃን ስትጠይቀው ተለቅ ያለ አምፖል ግዙ አለ። ሊሄድ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አደረገና «እባክዎ እትዬ፣ እንዳትነኩት። የነካ ሰው ሱቁ ይታሸጋል ተብሏል። ሸራውን የማስጠብቀው እኔ ነኝ» አላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንደሚጻፉ አላውቅም። ቴሌቪዥኑ ስለ ጨዋታው ያወራል። መንገዱ ላይ ሙዚቃ አለ፣ ሰው ያልፋል፣ ይስቃል፤ እኛ እግሩን ብቻ በሸራው ሥር እናያለን። የቆሻሻ ገንዳውን ተሻግሮ የሚመጣ ደንበኛ የለም። እታለም የአንድ አስተናጋጅ ጥቁር ሱሪ ስትሰፋ በጨለማው የግራውን እግር ፊት ከቀኙ እግር ጀርባ ጋር ገጠመችው። እሷ! ፍጥነት እንኳ ልትቀልድባት አልቻለችም።

ይኸ ሁሉ ያልፍ ነበር። የማያልፈው አንድ አዛውንት ደንበኛችን የመጡ ቀን የሆነው ነው። ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ የሚያሰፉ ሰው ናቸው። ለኮት የሚሆን ጥሩ ጨርቅ በወረቀት ጠቅልለው፣ በቆሻሻው በኩል አፍንጫቸውን ይዘው መጡ። እታለም ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ፣ ደግሞ አዩ።

«ጠመኔሽ አይታየኝም» አሉ።

«እኔ አየዋለሁ፣ አባቴ። አምነውኝ የለም እንዴ?»

«ማመኑንስ አምንሽ ነበር።» ጨርቃቸውን ቀስ ብለው መልሰው አጠፉት። «ግን በጨለማ አላስቆርጥም፣ ልጄ። አትቀየሚኝ።» ይዘውት ሄዱ።

እታለም አልተቀየመችም። ቆማ ነበር፣ ቁጭ አለች። ቁጭ ብላ ነበር፣ ተነሣች። ከዚያ ትልቁን መቀስ፣ ሜትሩንና ጠመኔውን አነሣችና «ና» አለችኝ።

«የት?»

«ወደ መንገዱ።»

ቆሻሻውን ዞረን በሥዕሉ በኩል መጣን። ፀሐይ ነበር፣ ሰው በሰው ላይ ነው። በሱቃችን ትይዩ ቆማ ሸራውን እንደ ሰው ልብስ ለካችው። ዋናተኛውና ቦክሰኛው መሃል ባዶ ሰማያዊ ቦታ ነበር። እዚያ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረች። «ሰው አልቆርጥም» አለች ለራሷ። ከዚያ መቀሱን ከታች አስገብታ ከራሷ በላይ እስኪደርስ ቀደደችው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

በቀዳዳው አልፋ ሱቋ ገባች። ማሽኑን እስከ ሸራው ድረስ ገፋነው። እኔ ሸራውን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት፣ እሷ የተቀደደውን ጠርዝ አጥፋ በግራም በቀኝም ሰፋችው፣ እንደ መጋረጃ የሚታሰርበት ክር ተከለችለት። ጠቅልለን አሰርነው። ደፉ ላይ ፀሐይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ጫማ ሰፊው እየሮጠ መጣ። «አብደሻል እንዴ? እኛንም ልታስበዪን ነው?»

«አንተን ማን ነካህ?»

«ይኼ እኮ የመንግሥት ሸራ ነው!»

«ደፉስ የማን ነው?»

እየተሳደበ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ የያዘች ሴት ከመንገድ ቀጥ ብላ በቀዳዳው ገባች። ከእሷ ኋላ ሌላ ሰው መጣ። ጫማ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ያያል። በኋላ አንገቱን እያከከ ተጠጋ።

«እታለም… ለኔም አንድ በር ታወጪልኛለሽ?»

«አላወጣልህም።»

«ምን አደረግኩሽ? ስለሰደብኩሽ ነው?»

«ስድብህን ለምጄዋለሁ። በርህን ግን አንተ ቅደድ። ጠርዙን እኔ እሰፋልሃለሁ።»

ቆዳ የሚቆርጥበትን ቢላ ይዞ ሸራው ፊት ብዙ ቆመ። መጨረሻ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ቀደደው። ሲገልጠው የቦክሰኛው ክርን ተቆርጧል።

«ሰውዬውን አቆሰልከው!» አለች ፍጥነት።

«ይችለዋል፣ ልማዱ ነው!» አለ ጫማ ሰፊው፣ ሳቀም።

ከዚያማ ፀጉር አስተካካዩ ቀደደ። ሰዓት ጠጋኙ በትንሿ መቀሱ እስኪያልበው ድረስ ቆረጠ። እታለም ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች የሁሉንም ጠርዝ ሰፋች። ለማንም ግን አልቀደደችም።

ችግር የለም ሲመጣ መንገዱ መሃል ቆመ። ሸራውን ከዳር እስከ ዳር አየ፤ በየመሃሉ የተጠቀለለ በር፣ በየበሩ የሚሠራ ሰው አለ።

«ችግር አለ!» ብሎ ጮኸ።

ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ምስኪን፣ ለምን እንደሚሳቅበት እንኳ አላወቀም። ያን ቀን ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረደ።

«አንቺ ነሽ የጀመርሽው! ነገ ጠዋት ብስክሌቱ ከማለፉ በፊት ሁሉንም ሰፍተሽ ትዘጊዋለሽ!»

«የሌላው የራሱ ነው። የኔን አልዘጋም።»

«ሱቅሽ ይታሸጋል እያልኩሽ ነው!»

«ሰምቻለሁ። ከደበቃችሁት ሱቅ የታሸገው ይሻለኛል። ለታሸገው ቢያንስ ለምን ታሸገ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል።»

ልጁ አንገቱ ላይ ያለውን ካርድ ጨበጠ። ከዚያ በሌላ ድምፅ «እኔንም እኮ ከሥራ ያባርሩኛል» አላት። እታለም ትክ ብላ አየችው። እንዳዘነችለት አውቃለሁ፣ እህቴ ናት። «አንተንም የሚሸፍን ሸራ አለ ማለት ነው» አለችው። «ግን አልዘጋውም።»

በነጋታው ማኅተም የያዙ ሰዎች ከጥበቃዎች ጋር መጡ። ከመንገዱ ሱቅ ሁሉ የእሷን ብቻ ነው የፈለጉት፤ ዋናዋ ከተቀጣች ሌላው ይበቃዋል ብለው መሆን አለበት። እታለም ከሩቅ አይታቸው «በዚያ በኩል ያዝ» አለችኝ። ማሽኑን ተሸክመን በገዛ በራችን ወጣን። እነሱ ሱቁን ሲያሽጉ፣ በሩ ላይ የጠቀለልነውንም ሸራ ፈትተው ሲለቁት፣ እኛ ከሸራው ፊት፣ የእግረኛው መሄጃ ላይ፣ ውድድር ሊያይ በቆመው ሰው መሃል ማሽኑን ተክለናል። እሷም ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የአስተናጋጁን ሱሪ አወጣች።

ፖሊስ መጣ። «እናት፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም።»

«ይኼ ሁሉ ሰው ምን እየሠራ ነው?»

«ውድድር ሊያይ ነው።»

«እኔም ላየው ነው።»

«በማሽን?»

«ይኼኛው ባንዲራ ይዟል፣ ያቺ ጡሩምባ ይዛለች፣ እኔ ማሽን ይዣለሁ። ተመልካች ማሽን አይይዝም የሚል ሕግ ካለ አምጣው። ወንድሜ ያነብልኛል።»

ሕጉን ቢያመጣው ገና ርዕሱን ሳልጨርስ ውድድሩ ያልቅ ነበር። ደግነቱ ፖሊሱም አላመጣም። ባለ ጡሩምባዋ «ተዋት!» ብላ ነፋችበት፣ ሰውም ተቀብሎ «ተዋት! ተዋት!» አለ። ፖሊሱ ዞር ብሎ በሬዲዮው ሲያወራ ብስክሌቶቹ ደረሱ።

ሴቶቹ ነበሩ። ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ሆነው እንደ ነፋስ አለፉ። ሸራው ተርገበገበ። እታለም መርገጫውን አላቆመችም፤ ዓይኗ ብስክሌቶቹ ላይ፣ እጇ ሱሪው ላይ ነበር። «የቀይዋ ልብስ ብብቷ ሥር ተተርትሯል» አለችኝ። ካሜራ የያዘ ሞተር ብስክሌትም አልፏል። ጫማ ሰፊው «በቴሌቪዥን አይቼሻለሁ፣ ከነማሽንሽ!» ብሎ ይምላል። እሱ ግን ለብዙ ነገር ስለሚምል እርግጠኛ አይደለሁም።

ፖሊሱ ተመልሶ አልመጣባትም፤ ጨዋታው እስኪያልቅ በየቀኑ እዚያው ተቀመጠች። አዛውንቱም ጨርቃቸውን ይዘው ተመለሱ፣ አስፋልቱ ዳር በፀሐይ አስቆረጡ። አገሮቹ ተሰናብተው ሄዱ። ሸራውን የሚያወርዱት ሠራተኞች ስፌቱ አልፈታ ብሏቸው እናት አባታችንን ሲሰድቡ ዋሉ።

ከዚያ ችግር የለም ወረቀት ይዞ መጣ። ከሥራ አልተባረረም። ቁጣውም በርዶለት እንደገና «እርስዎ» ይላት ጀመር። «እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙና ሱቁን ዛሬውኑ እንከፍታለን፣ ችግር የለም።»

«አንብብልኝ» አለችኝ።

መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማኝ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ጊዜ ፈጀብኝ፣ ማንም ግን አልሳቀም። ማጥፋቴን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላል።

«ማጥፋቴን የሚለው የቱ ጋ ነው?»

በጣቴ አሳየኋት።

«እሱን አውጣና አምጣው» አለችው ልጁን።

«እሱ አይወጣም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እኔም አልገባም።»

ሱቁ ዛሬም እንደታሸገ ነው። የእኔን ካውያ ጫማ ሰፊው ዘንድ አስገብተን ከእሱ መብራት እንጠቀማለን። ፍጥነት ቁልፏን ጭኗ ላይ አድርጋ ትተክላለች። ችግር የለም አልፎ አልፎ ያንኑ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ይዞት ይመለሳል። እታለም የታሸገው በሯ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ማሽኗ ላይ ናት። የሚሰፋ ያለው ሰው ይምጣ። ከሩቅ ትታያለች።